ጫጫታው ይቀነስ፣ የእናት ድምፅ ግን ይግባ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ውስጥ በነርስነት ዓመታት ሠርቻለሁ። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ምን እንደሚጎዳው የትኛዋንም ባልደረባዬን ብትጠይቁ ብርድ፣ ኢንፌክሽን፣ የትንፋሽ መቋረጥ፣ የስኳር መውረድ ብላ ትዘረዝርላችኋለች። እውነቷን ነው፤ ሌት ተቀን የምንታገለው ከእነዚህ ጋር ነው። ጫጫታን ግን ከጠላቶቹ መሐል የሚቆጥር ሰው ብዙ አላየሁም። ይህን የምጽፈው ልጃቸው "ማሞቂያ ገብቷል" ተብለው በር ላይ ለቆሙ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ክፍሉ ውስጥ አዲስ ለሚመደቡ ባለሙያዎች ነው። የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ብር አይጠይቅም።

የጨቅላ ጆሮ ከምናስበው ቀድሞ ሥራ ይጀምራል። የውስጠኛው ጆሮ ድምፅ መቀበል የሚጀምረው በ25ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ በ28 ወይም በ30 ሳምንት የተወለደ ልጅ በደንብ ይሰማል። ማህፀን ውስጥ ቢቆይ ኖሮ የእናቱ ሰውነትና የእንሽርት ውሃው ቀጫጭኑን ድምፅ እያስቀሩ ወፍራም ወፍራሙን ብቻ ያሳልፉለት ነበር፤ የልብ ምቷን፣ የሆዷን ጉርምርምታ፣ የራሷን ንግግር። ሲወለድ ግን ያ መከላከያ የለም። እኛ ትልልቆቹ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ነገር ስንለምደው አንሰማውም። ያልጠነከረ አንጎል ገና ይህን አይችልም፤ እያንዳንዱ ኳኳታ እንደ አዲስ ይመጣበታል።

ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። በ30 ሳምንት የተወለደች አንዲት ልጅ ነበረችን፤ በአፍንጫዋ ሲፓፕ (አየር በግፊት የሚሰጥ መተንፈሻ) ተደርጎላት፣ ወተቷን በቱቦ ወስዳ፣ በደሟ ያለው ኦክስጅን 94 በመቶ ላይ ረግቶ ተኝታለች። ከኋላችን የብረቱ ቆሻሻ መጣያ ክዳን ተለቀቀና ጓ አለ። ሁለቱ እጆቿ ተበተኑ፣ ጣቶቿ ተዘረጉ፣ ግንባሯ ተኮማተረ። የልብ ምቷ መጀመሪያ ሽቅብ ወጣ፣ ቀጥሎ ቁልቁል ወረደ፤ ኦክስጅኗ 90፣ 86፣ 81 እያለ ሄደ። የልብ ምቷንና ኦክስጅኗን የሚከታተለው ሞኒተር ጮኸ፣ የሱ ጩኸት ደግሞ መልሶ አስደነገጣት። ጀርባዋን ዳበስ ዳበስ አድርገን፣ እጆቿን ወደ ደረቷ ሰብስበን ይዘናት ነው ትንፋሿ የተስተካከለው። በነገራችን ላይ ክዳኑን የለቀቀው ሰው ምንም አላጠፋም፤ ቆሻሻ ጣለ፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ በቃ።

ቀኑን የጨረሰ ጤነኛ ሕፃን እንዲህ ቢደነግጥ አልቅሶ ያበቃል። አንድ ኪሎ ከምናምን ለሚመዝን ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የደም ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአንጎሉ የደም ሥሮች ስስ ስለሆኑ እንዲህ ያለው መዋዠቅ አይበጀውም። ክብደት ሊጨምርበት የሚገባውን ጉልበት ለድንጋጤ ያወጣዋል። እንቅልፉም ይቆራረጣል፤ አንጎሉ የሚያድገው ደግሞ ሲተኛ ነው።

ስንት ድምፅ ይበዛበታል ለሚለው፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ጨቅላ በሚታከምበት ክፍል ድምፁ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ አሳስቧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ደግሞ ታካሚ በሚተኛበት ክፍል የሌሊቱ ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ ይላል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይቆጠርም። ከ45 ወደ 55 ሲወጣ ጥቂት የጨመረ ይመስላል፤ የድምፁ ጉልበት ግን አሥር እጥፍ ሆኗል። ሁለት ሰዎች ቆመው በተለመደው ድምፃቸው ሲያወሩ 60 ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ እኛ አልጋ አጠገብ ቆመን "ትናንት ሌሊት እንዴት አደራችሁ" ስንባባል እንኳ ልኩን አልፈናል ማለት ነው።

የድምፅ መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረን በስልክ በሚጫን መተግበሪያ ለካን። ስልክ እንደ ትክክለኛው መለኪያ አይታመንም፤ ሰዓትን ከሰዓት፣ ቦታን ከቦታ ለማነጻጸር ግን ይበቃል። ክፍሉ ረጭ ያለ በመሰለን ሌሊት እንኳ ከ50 በታች አልወረደም። ጠዋት የተረኞች ርክክብ ላይ ራውንዱ (የሐኪሞች ጉብኝት)፣ ጽዳቱና የመድኃኒት ሰዓቱ ሲገጣጠሙ ወደ 70 ይጠጋ ነበር። ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጽፈን ግድግዳ ላይ ስንለጥፈው፣ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ "ቀስ በሉ" ብለን ያልሰማን ሰው ሁሉ ቆሞ አነበበ።

ወላጆች "መስታወት ውስጥ ስለሆነ አይሰማውም" ብለው ይጽናናሉ። ኢንኩቤተሩ፣ ማሞቂያ የምንለው ሣጥን፣ ከውጭ የሚመጣን ንግግር ትንሽ ያበርደዋል፣ ልክ ነው። ግን የራሱ ሞተር ከሥሩ አለ፤ ዓለም አቀፉ የኢንኩቤተር ደረጃ ራሱ ውስጡ እስከ 60 ዴሲቤል ድረስ ይፈቅዳል። ከዚህ የሚብሰው ፕላስቲኩን የሚነካው ነገር ነው። ክዳኑን በጣት መቆርቆር፣ የእጅ ማስገቢያ መስኮቱን ገፍቶ ቀጭ ማድረግ፣ የወተት ጡጦ ወይም የመድኃኒት ትሪ አናቱ ላይ ማስቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ ውስጥ ላለው ልጅ ከ80 ዴሲቤል በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። እናንተ ውጭ ሆናችሁ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ትሰማላችሁ፤ እሱ ግን ከበሮ ውስጥ የተኛ ያህል ነው።

ባልደረቦቼን ያሳመንኳቸው በወሬ አልነበረም። ታጥቦ፣ ጠፍቶ፣ ባዶውን የቆመ ኢንኩቤተር ነበር። የጎኑን ትልቁን በር ከፍተን፣ አንድ በአንድ አንገታችንን ዝቅ አድርገን ጭንቅላታችንን ወደ ውስጥ አስገባን፤ ሌላው ሰው ደግሞ ከላይ ኪድኒ ዲሽ (የሕክምና ዕቃ መያዣ ሳህን) ያስቀምጣል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ከመሐላችን ሁለተኛ ጊዜ ልሞክር ያለ አልተገኘም። አንድ ሬዚደንት ሐኪም ከወጣ በኋላ ቻርቱን ኢንኩቤተር ላይ አስደግፎ መጻፍ ተወ፤ ማንም አልነገረውም። ክፍላችሁ ውስጥ ይህን ሞክሩት፤ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ጥቃቅን ነገር ነው። የብረቱ ቆሻሻ መጣያ በፕላስቲክ እስኪተካ ድረስ ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ አጣበቅንበት። መሳቢያዎቹ ላይ ወፍራም ፕላስተር ለጠፍን። የትሮሊው ጎማ ዘይት ተቀባ። መስኮቱ ሲዘጋ መቆለፊያውን በአውራ ጣት ይዞ ቀስ ብሎ መልቀቅ የሁሉም ልማድ ሆነ። የስሪንጅና የግላቭ ማሸጊያ የሚቀደድበት ቦታ ከአልጋው ራቅ አለ። የክፍሉ ስልክ ድምፁ ተቀነሰ፤ የእኛ ስልኮች ንዝረት ላይ ሆኑ፣ ግን ኢንኩቤተር ላይ አይቀመጡም፤ ምክንያቱም ንዝረቱ ራሱ ውስጥ ይጮሃል። ኢንኩቤተሩን በወፍራም ጨርቅ መሸፈንም ብርሃኑን ይከላከላል፣ ድምፁንም ትንሽ ያበርዳል፤ ብቻ ልጁ የሚታይበት ክፍተት ይተው፤ አየር ማስገቢያውም አይደፈን።

ኦክስጅን ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ሲሊንደር ሲለወጥ ወለሉ ላይ ይጎተታል፣ መክፈቻው በቁልፍ ይመታል፣ ሲከፈት ፉጨቱ ይወጣል። ሲሊንደሩ በጋሪ እንዲገባና ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ እንዲነጠፍ አደረግን፤ ከተቻለ ደግሞ ልጆቹ ከጠገቡ በኋላ በሚተኙበት ሰዓት እንዳይለወጥ። ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር የሚያጣራ ማሽን) ያላቸው ክፍሎች ቱቦውን አስረዝመው ማሽኑን ከአልጋው ቢያርቁት ብዙ ይጠቅማል። የባብል ሲፓፕ ጠርሙስ፣ የሲፓፑ አየር በውሃ ውስጥ የሚወጣበት፣ የሚያሰማው የመንጠቅጠቅ ድምፅ መጥፋት የለበትም፤ መሥራቱን የሚነግረን እሱ ነው። ግን ጠርሙሱ ከልጁ ጆሮ ጎን ሳይሆን ከአልጋው በታች ይንጠልጠል፤ ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃም በየጊዜው ይደፋ፤ ካልተደፋ ልጁ አፍንጫ ሥር ይንጎራጎራል፣ አየሩንም ያዛባል።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም ማሽን አንድ ላይ ይጮሃል፤ ጄኔሬተሩም ይነሳል። ለዚህ እኛ የምናደርገው ብዙ የለም፣ ሮጦ ልጆቹን ከማየትና የተነሳውን ጩኸት ከማስቆም በቀር።

ስለ አላርም፣ ማሽኑ ችግር ሲያይ ስለሚያሰማው ጩኸት፣ ግን በጥብቅ የምለው አለኝ። አላርም አይዘጋም። "ልጆቹ ይተኙ" ተብሎ የሞኒተር ድምፅ የሚጠፋበት ክፍል ካለ አደገኛ ነው፤ ትንፋሹን ያቋረጠ ልጅ አያለቅስም፣ የሚጮህለት ማሽኑ ብቻ ነው። መፍትሔው ያለ ምክንያት እንዳይጮህ ማድረግ ነው። ኦክስጅን የሚወስድ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ መጠኑ ከ90 እስከ 95 መሐል እንዲሆን ይፈለጋል፤ ስለዚህ ሲያልፈው ማሽኑ የሚጮህበት የላይኛው ወሰንም ይሞላለታል፤ ኦክስጅን መብዛቱ ዓይኑን ይጎዳልና። ያው ልጅ ከኦክስጅን ወጥቶ የክፍሉን አየር ብቻ መተንፈስ ሲጀምር 98 እና 100 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። የላይኛውን ወሰን የሚያስተካክል ሰው ከሌለ ግን ማሽኑ "ከፍ አለ" እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል። በክፍላችን በከንቱ ይጮህ ከነበረው ብዙው እንዲህ ያለ ነበር። ሌላው የተላቀቀ የእግር ሴንሰር ነው። ሲደጋገም ደግሞ ጆሯችን ይለምደዋል፤ እውነተኛው ሲመጣም ዘግይተን እንነሳለን።

ከሁሉ የበለጠ የረዳችን ሰው የጽዳት ሠራተኛችን ናት። መጥረጊያው የአልጋውን እግር እንዳይመታ፣ ባልዲው ወለሉ ላይ እንዳይወረወር ብለን ስንነግራት ምክንያቱን ጠየቀች። የሞኒተሩን ቁጥር እያሳየን ነገርናት። ከዚያ ወዲህ ሐኪምም ይሁን ፕሮፌሰር ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ የምታየው እሷ ሆነች። ባለሙያ ብቻ ሰብስቦ የሚያሠለጥን ክፍል ይህን ቢያስብበት እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ጫጫታ ይቀነስ ሲባል አንዳንድ ቦታ መጀመሪያ የሚቀነሰው እናት ናት። "ክፍሉ ጸጥ እንዲል" እየተባለ እናት ለማጥባት ብቻ ገብታ ትወጣለች፤ የቀረውን ሰዓት ኮሪደር ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ትቀመጣለች። ይህ ልክ አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ለልጁ የሚጠቅም አንድ ድምፅ ቢኖር የእናቱና የአባቱ ነው፤ ማህፀን ውስጥ ሲሰማው የነበረው እሱን ነውና። በ2011 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ፕሮቪደንስ የወጣ ጥናት፣ ወላጆቻቸው አጠገባቸው እየሆኑ የሚያወሯቸው ያለ ቀን የተወለዱ ሕፃናት የበለጠ ድምፅ እንደሚያወጡ አሳይቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ለየብቻ ጸጥ ባለ ክፍል የተኙት ሕፃናት ሁለት ዓመት ሲሆናቸው በቋንቋ ከሌሎቹ ዝቅ ብለው መገኘታቸውን ጽፏል። ባዶ ጸጥታም ይጎዳል ማለት ነው።

ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ፣ የካንጋሩ እንክብካቤ የምንለው፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይመልሳል። የጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ነው፤ ኢንኩቤተርና ሠራተኛ አልበቃ ሲላቸው። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተሞክሮ፣ ከተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ በእናታቸው ደረት ላይ ከተደረጉት ትንንሽ ልጆች የተረፉት እንደሚበልጡ የሚያሳይ ጥናት በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ ይታቀፍ ይላል። ደረቷ ላይ ያለ ልጅ የሚሰማው የልቧን ምትና በደረቷ በኩል የሚመጣውን ድምፅ ነው፤ የሞተር ድምፅ የለም፣ የሚቆረቆር ፕላስቲክ የለም።

ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተብላ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። ልጇን ቆማ ታየዋለች እንጂ አፏን አትከፍትም። አንድ ቀን ጠጋ ብላ፣ "ሲስተርዬ፣ ባናግረው ይሰማኛል እንዴ? ሰው አይስቅብኝም?" አለችኝ። "ይሰማሻል እናቴ፣ ካንቺ ድምፅ በቀር የሚያውቀው የለም" አልኳት። መስኮቱን ከፈትኩላት፤ እጇን ታጥባ አንዱን መዳፍ አናቱ ላይ፣ ሌላውን እግሩ ሥር አድርጋ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ቤታቸው፣ ስለ እህቶቹ፣ ስለ ላሟ ትነግረው ጀመር። የተጨማደደ ግንባሩ ተፈታ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ በኋላ እኔ መርፌ ልወጋው ስል ቀድሜ የምጠራት እሷን ሆነ።

እንዴት ላውራው ለምትሉ፦ እጃችሁን ታጠቡ፣ ወርቅና ሰዓት አውልቁ፤ ንጽሕናውም አለ፣ ከፕላስቲኩ ጋር ሲጋጭም ይጮሃል። ጎንበስ በሉና ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ባለ፣ በወፍራሙ ድምፃችሁ፣ በዝግታ አውሩ። እሹሩሩ ማለት ይቻላል፤ ጸሎታችሁንም ዱዓችሁንም በዚያው ድምፅ አድርሱ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ጣቱን ከበተነ፣ ሕቅ ሕቅ ካለው፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ፊቱን ከእናንተ ካዞረ ወይም ደጋግሞ ካዛጋ ደክሞኛል እያለ ነው፤ ንግግሩን አቁማችሁ እጃችሁን ብቻ አሳርፉበት። መንካትና ማውራት አንድ ላይ የሚበዛበት ልጅም አለ፤ በተለይ በጣም ትንንሾቹ። አባቶችም እንዲሁ አድርጉ፤ የአባት ወፍራም ድምፅ ለልጁ ይስማማዋል።

ስልክ ላይ መዝሙር ወይም ሙዚቃ ከፍታችሁ ኢንኩቤተር ውስጥ አታስቀምጡ። የስልኩ ድምፅ በቅርብ ሲሆን ለእናንተ ዝቅ ያለ መስሎ ለሱ ይበዛል፤ ሲደክመውም አይቶ የሚያቆም የለም። ጥጥ ወይም ሌላ ነገር በጆሮው አትክተቱ። የሚጮኽ አላርም ራሳችሁ አትንኩ፤ ልጁን እዩት፣ ነርሷንም ጥሩ። ልጁን ለመቀስቀስ ክዳኑን አትቆርቁሩ። ጠያቂ ዘመድ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊል ቢመጣ ከክፍሉ ውጭ ይሁን።

ክፍሉ ውስጥ ጫጫታ በዝቶ ያያችሁ እንደሆነ ዝም አትበሉ፤ ነርሷንም አትውቀሱ። አንዲት ነርስ በአንድ ተራ የምትይዘው ልጅ ብዙ ነው፤ እየሮጠች ነው መስኮት የምትዘጋው። "ሲስተር፣ ልጄ በድምፅ ሲደነግጥ ኦክስጅኑ ሲወርድ አየሁት፤ ወደ ጥግ ማዞር ይቻላል?" ብትሏት ትሰማችኋለች። በር፣ የእጅ መታጠቢያና የነርሶች ጠረጴዛ አጠገብ ያለው አልጋ ሁልጊዜ ጫጫታ ይበዛበታል፤ ቦታ ሲለቀቅ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ልጁ ሲወጣ የመስማት ምርመራ ይታዘዝለት እንደሆነ ጠይቁ። በጽኑ ሕክምና ክፍል ከአምስት ቀን በላይ የቆየ፣ ለኢንፌክሽን ጄንታማይሲን የወሰደ፣ ወይም ከባድ የሕፃናት ቢጫ በሽታ የነበረበት ልጅ ጆሮው መታየት አለበት። ጄንታማይሲን ብዙ ሕፃን ያዳነ መድኃኒት ነው፤ ግን የውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፣ ጫጫታ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል ተብሎ ይሰጋል። ከጽኑ ሕክምና ለወጡ ልጆች የሚመከረው ጆሮውን ብቻ ሳይሆን ድምፁ እስከ አንጎል መድረሱን በተኛበት የሚለካው ምርመራ ነው። ልጁ በሚታከምበት ሆስፒታል ከሌለ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ወዳለበት ሪፈር አስጽፉ። ምርመራው በመጀመሪያው ወር፣ ችግር ካለ ማረጋገጫው በሦስት ወር፣ እርዳታው በስድስት ወር ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመከረው። የመውጫ ወረቀቱ ላይ የተሰጠው መድኃኒት ስምና ለስንት ቀን እንደወሰደ መጻፉን ሳታዩ አትውጡ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ዕድሜውን ከተወለደበት ቀን ሳይሆን መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። በዚያ አቆጣጠር በሦስት ወሩ ድምፃችሁን ሲሰማ ዝም የማይል፣ በድንገተኛ ኳኳታ የማይደነግጥ፣ በስድስት ወሩም ድምፅ ወደመጣበት ዞር የማይል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ምርመራ ደህና ነው የተባለ ቢሆንም እንኳ፣ ክትባት ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ይዛችሁት ሂዱ።